አራት ዓሣና አሥራ አንድ ዓመት

ሽማግሌ ቦናር ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ሲመጣ ከሩቅ አየሁት። ቤት ገብቼ ልዘጋ አስቤ ነበር፤ ግን ደጅ ልብስ እያሰጣሁ ስለነበር የምሸሽበት አልነበረኝም። የጌታ ራት ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ወደ ማዕዱ የሚቀርበውን ሰው ስም ይጽፋሉ። ስሙ ያልተጻፈ አይቀርብም። በዓመት አራት ጊዜ ይመጣሉ፤ እኔም በዓመት አራት ጊዜ እታመማለሁ።

«ዛሬስ ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አለኝ ገና ደረጃውን ሳይወጣ።

«ወገቤን፣ አማንግ።» በእኛ ቋንቋ አባት እንደ ማለት ነው፤ ለሽማግሌ የሚሰጥ ክብር ነው። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ያልኩት በጥርሴ ነበር።

«ባለፈው ጥርስሽ ነበር። ከዚያ በፊት ራስሽ። በሽታው ወደ ታች እየወረደ ነው፤ እግርሽ ጋ ሲደርስ ይወጣልሻል።»

«ይቀመጡ፣ ውሃ ላምጣልዎ።»

«አልቀመጥም። የዚህ እሑድ ነገር ሌላ ነው። ልጅሽ በጉባኤው ፊት እምነቷን ትመሰክራለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማዕዱ ስትቀርብ አባትና እናቷ ከጎኗ ይሆናሉ። አባቷ ብቻውን ከታየ ሰው ምን ይላል? ወይ ሞታለች፣ ወይ ሸፍታለች ነው የሚለው።»

«የአባቷን ስም ይጻፉ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ እጸልይላታለሁ።»

ሮማይዳ ማድቤት ሩዝ እየለቀመች ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋ ግን የሰማንያ ዓመት ሴት ነው። «አማንግ፣ የእናቴ ስም ካልተጻፈ የእኔንም ይሰርዙት» አለች ከውስጥ።

«አንቺ ዝም በይ።»

«አልልም። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ እናትሽ የታለች ሲሉኝ አሟታል እያልኩ ስዋሽ ኖሬያለሁ። እሑድ በጉባኤው ፊት ቆሜ ደግሞ አልዋሽም።»

ሽማግሌው ደብተሩን ገጭ አድርጎ ዘጋው። «ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይህን ለቄሱ አስረክባለሁ። ከዚያ በኋላ የዓመት ሰው ይበላችሁ» ብሎ ሄደ።

የልጆች ምስክርነት በዓመት አንዴ ነው፤ እኛ ግን ዓመት የለንም። ሮማይዳ ከሁለት ወር በኋላ የነርስነት ትምህርት ልትማር ወደ ሜዳን ከተማ ትሄዳለች። አውቶቡሱ ገደል ሲገባ በሐሳቤ አስቀድሜ አይቼዋለሁ። የምትከራይበት ቤት ሲቃጠል አይቼዋለሁ። የወባ ትንኟን፣ የሞተር ብስክሌት ነጂውን፣ ጣፋጭ ምላስ ያለውን ጎረምሳ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። ያለ ምስክርነት፣ ያለ ምርቃት ወደዚያ ብትሄድ ከእነዚህ አንዱ እንደሚያገኛት አልጠራጠርም ነበር። ከምስክርነቱ የሚያስቀራት ደግሞ እኔው ሆንኩ።

ከማዕዱ የቀረሁበትን ምክንያት ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለባሌ እንኳ የነገርኩት ግማሹን ነው።

በእኛ በሐይቁ ዳር በምንኖር በባታኮች ዘንድ ሴት ብታገባም ምርቃቷ ከወንድሞቿ ቤት ነው የሚመጣው። ስታረግዝ በሰባተኛው ወር የወንድሟ ቤተሰብ የሐይቁን ወርቃማ ዓሣ ሠርቶ ይመጣል። ዓሣው ከነቅርፊቱና ከነራሱ፣ ጭራው ሳይነካ፣ በእርድና አፍ በሚያደነዝዝ ቅመም ይበስላል። ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ ራሱ ወደ ተመራቂዋ ዞሮ ይቀርባል። የተሰበረ ዓሣ አይሰጥም። ቁጥሩ ደግሞ ጎደሎ ነው፤ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር አይቀርብም። ለምን ቢባል የሚያስረዳ የለም፤ አይቀርብም ብቻ።

ሮማይዳ አምስት ዓመቷ ሳለ ሁለተኛ ልጄን አረገዝኩ። ወላጆቼ ሞተው ስለነበር ዓሣውን ይዘው የመጡት ወንድሜ ቢንሳርና ሚስቱ ናይ ቶጋር ናቸው፤ የቶጋር እናት ማለት ነው፤ የወለደች ሴት በልጇ ስም ነው የምትጠራው። እሷና እኔ ኤዳ እንባባላለን፤ የባል እህትና የወንድም ሚስት እንዲያ ነው የሚጠራሩት። ናይ ቶጋር ሰሃኑን ፊቴ አስቀመጠች፣ ጨርቁን ገለጠች። ቆጠርኩ። አራት ነበሩ። ሰው ሁሉ ይዘምራል። ወንድሜ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ ይመርቃል። እኔ በልቤ አራት፣ አራት እላለሁ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ወንድ ልጅ ወለድኩ። አላለቀሰም። አዋላጇ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነው አለችኝ። እትብቱን ማን ጠመጠመው? ለእኔ መልሱ ሰሃኑ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልወለድኩም።

ቂም ይዞ ወደ ማዕዱ የሚቀርብ ፍርዱን ይበላል ሲባል ሰምቼ ስለማውቅ ቀረሁ። ሌላው ሁሉ ቀጠለ። እዘምራለሁ፣ የሴቶች ጉባኤ ላይ እቀመጣለሁ፣ ጠዋትና ማታ እጸልያለሁ። ጸሎቴ ግን አንዲት ናት፤ አትንካብኝ። ሮማይዳን አትንካብኝ። ባሌን ጀልባ ላይ አትንካብኝ። ጣሪያውን አትንካብኝ። ሌላ ወሬ ከእግዚአብሔር ጋር አልነበረኝም።

አሁን ደግሞ የሮማይዳ እሑድ መጣ። ከአምልኮው በኋላ ቤታችን ግብዣ ነው፤ የምርቃቱን ዓሣ የሚያመጣው ያው ወንድሜ ነው፣ የምታበስለው ያቺው እጅ ናት። እኔ ጭንቅ ሲይዘኝ ብልጥ የሆንኩ ይመስለኛል። ወደ አጎቴ ሚስት ሄጄ «የእሑዱን ዓሣ አንቺ ሥሪልኝ፣ ናይ ቶጋር ሥራ በዝቶባታል» አልኳት። ሴትዮዋ በጨለማ ምስጢር የምትጠብቅ ሰው አይደለችም፤ በብርሃንም አትጠብቅም። ሐሙስ ገበያ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ተቀምጦ ነበር።

ናይ ቶጋር ከዓሣ ሻጯ መደብ ፊት ቆማ ጠበቀችኝ። ክንዷን አጣጥፋለች።

«ኤዳ፣ እጄ መርዝ ሆኗል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ገበያው። የእሑዱን ዓሣ የአጎትሽ ሚስት ትሥራው ብለሻል። ሴትዮዋ እኮ ዓይኗ አያይም፤ ከነመረቡ ነው የምትቀቅልልሽ።»

ዓሣ ሻጯ ሳቀች። ሽንኩርት የሚመርጡት ሁለት ሴቶች መምረጥ አቆሙ።

«ደክሞሽ ይሆናል ብዬ ነው» አልኩ።

«እኔን? ትናንት አንድ ጆንያ ሩዝ ተሸክሜ ዳገት የወጣሁትን? ሌላ ውሸት አምጪ። ወገቤን በይ፤ እሱን ለምደነዋል።»

«በልጄ ምርቃት ላይ ማን እንደሚያበስል የምወስነው እኔ ነኝ።»

«አይደለሽም። ምርቃቱ የወንድምሽ ነው፣ የወንድምሽ ማድቤት የእኔ ነው። ሌላ ወንድም ካለሽ ሄደሽ ከእሱ ተመረቂ።» ቅርጫቷን አነሳች። «ቅዳሜ ጠዋት እጥዳለሁ። ካልፈለግሽው እሑድ በሰው ፊት መልሺው። ያኔ ሁላችንም እናውቅሻለን።»

ወደ ቤት ስመለስ የሽንኩርት ሴቶቹ ሳቅ ተከተለኝ። ይህች ሴት ልጄን በልታ አሁን ደግሞ ታላግጥብኛለች አልኩ። ከልቤ ጠላኋት። እውነቱን ለመናገር፣ ስጠላት ደህና እሆናለሁ፤ ጭንቀቱ እንኳ ይቀልልኛል።

ዓርብ ሮማይዳ ነጩን ልብሷን ከግድግዳው አውርዳ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«የማልለብሰው ልብስ ለምን ይሰቀላል?»

«ልጄ፣ አንቺ የማታውቂው ነገር አለ። እኔ እግዚአብሔርን ስለምፈራ ነው የማልቀርበው።»

«አንቺ እግዚአብሔርን እንደ ጎረቤት ውሻ ነው የምታደርጊው፣ እማዬ። እንዳይነቃ በእግር ጣትሽ ነው የምታልፊው። ነቅቶ ቢሆንስ?»

በጥፊ ልመታት እጄን አንስቼ ነበር። አልሸሸችም። አባቷ በር ላይ የሞተሩን ዘይት ከእጁ እየጠረገ ቆሟል። እሱ ብዙ አይናገርም። «ምቺያት» አለ። «ከዚያስ?» እጄን አወረድኩ። ከዚያ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ በዚያ ሰዓት ግን ምንም አልታየኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ለእርቅ አይደለም። ስትሠራ ቆሜ ላያት፣ አንድ ነገር ብታጎድል እዚያው አንገቷን ልይዛት ነው የሄድኩት። ወንድሜ የለም፣ ሐይቅ ላይ ነው። ሳላንኳኳ በማድቤቱ በኩል ገባሁ። ናይ ቶጋር ድስቱ ላይ አጎንብሳ ነበር፤ ዓሣዎቹ በጎን በሳህን ላይ እርድ ተቀብተው ተኝተዋል።

«ልትሰልዪ ነው የመጣሽው?» አለች ሳትዞር።

«አዎ።»

«ደግ። ሰባት ናቸው፤ ቁጠሪ።»

«ለምን ቁጠሪ አልሽኝ?»

«ቆጣሪ ስለሆንሽ ነዋ። ያን ቀንም ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።»

አሥራ አንድ ዓመት አፌ ውስጥ የኖረው ነገር ያኔ ወጣ። «አራት ነበሩ።»

«አራት ነበሩ» አለች።

ልትክድ እንደምትችል አስቤ ነበር፤ ለክህደቷ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ላለመካዷ አላዘጋጀሁም። እሷ ግን አሁን ዞረች፣ በቢጫ እጇ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ያበሰልኩት አምስት ነው። ጀልባው ላይ ማዕበል መታንና ሰሃኑ ከጭኔ ወደቀ። የአንዱ አንገት ተሰበረ። የተሰበረ ይዤ አልገባም፣ አወጣሁት። ሌላም አንድ አውጥቼ ሦስት ላድርገው ስለው ወንድምሽ አይሆንም አለ። ለእህቴ ሦስት ዓሣ ብቻ ይዤ ብገባ ባልዋ ምን ይለኛል፣ ስስታም ይለኛል አለ። ደግሞ እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነን፣ ቁጥር ምን ያደርጋል አለ። እኔም ዝም አልኩ። እንግዲህ ካስፈለገሽ ወንድምሽን ጥዪው፤ ተራው የእሱ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ልጄ ሞቷል።»

«አውቃለሁ። የቀበሩት እኮ አንቺ ተኝተሽ ነው። ሳጥኑን እስከ መቃብር የተሸከምኩት እኔ ነኝ።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ቁጣ እንጂ ልቅሶ አልነበረበትም። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን እጄን ሳየው የገዳይ እጅ ይመስለኛል። ዓሣ በነካሁ ቁጥር። ሽማግሌ ቦናር ቂም አለብሽ ወይ ሲለኝ የለብኝም እላለሁ። የእኔ ፍርሃት ነው፤ ስለ ፍርሃት ማንም አይጠይቅም። እንዲህ ሆኜ በዓመት አራት ጊዜ ወደ ማዕዱ እቀርባለሁ። አንቺ ገዳይ ናት ብለሽ ቤትሽ ትቀሪያለሽ፣ እኔ ገዳይ ነኝ ብዬ እቀርባለሁ። ጌታ ሲያየን ምን ይለን ይሆን? ሁለት ሴቶች ለአራት ዓሣ ሲሰግዱ።»

ልመታት ፈለግሁ። ስቆጣ የምይዘው ነገር እፈልጋለሁ፤ ያኔ ግን የምይዘው ጠፋኝ። ናይ ቶጋርን አየኋት፤ እርድ የተቀባች፣ ላብ የወረዳት፣ ምላሷ እንደ ቢላ የሆነ ሴት ናት። የልጄን አንገት በእትብት ለመጠምጠም አቅሙ የላትም። አምስት ዓሣ እንኳ ሳትሰብር ማምጣት ያቃታት ሴት ናት።

እሷ ካልሆነች ታዲያ ማን ነው?

መልሱን እንዳላውቀው ነበር ያን ሁሉ ዓመት የሮጥኩት። የዓሣው ቁጥር ምንም ካልሆነ፣ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ጠዋትና ማታ አትንካብኝ የምለው። እሱን መጥላት ስለፈራሁ እሷን ጠላሁ። እሷን መጥላት አያስፈራም፤ ቢበዛ ገበያ ላይ ትሳደባለች። እሱን ግን ለምን ብዬ ብጠይቀው ሮማይዳንም ይወስድብኛል ብዬ ነበር። ስለዚህ በልጄ ሞት ጉዳይ አንድም ቀን አነጋግሬው አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ጸልዬ ስለ ልጄ አንዲት ቃል አልተናገርኩም።

ማድቤቷ ውስጥ ዝቅተኛው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«አሁንም አልወድሽም» አልኳት።

«ማን ለመነሽ? ያንን ቅመም አቀብዪኝ።»

አቀበልኳት። ዓሣዎቹን ቆጠርኳቸው፤ ሰባት ነበሩ። ደግሜ ቆጠርኳቸው። እያየችኝ ነበር፤ ከአፍንጫዋ ትንሽ ሳቅ ወጣ።

እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ደረስኩ። ሽማግሌ ቦናር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቷል። እያለከለክሁ ፊቱ ቆምኩ።

«ወገብሽ ሮጠ» አለ።

«ስሜን ይጻፉ። የሮማይዳንም።»

«መጀመሪያ የምጠይቅሽ አለ፤ ሥርዓት ነው። በልብሽ በሰው ላይ ቂም አለ?»

ለዚህ ጥያቄ ሁሉም ሰው የሚመልሰውን አውቃለሁ። አንዲት ቃል ናት፤ ብላት የልጄ ነገር ያልቃል።

«አለ» አልኩ።

ቀና አለ። «በማን?»

«በወንድሜ ሚስት። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ በወንድሜም ትንሽ። የሚበልጠው ግን በእግዚአብሔር ላይ ነው።»

ብዕሩ በአየር ላይ ቀረ። «ናይ ሮማይዳ፣ ሠላሳ ዓመት ይህን ስጠይቅ አለ ያለኝ ሰው የለም። አለ ሲሉ ምን እንደማደርግ ማንም አልነገረኝም።»

«እኔም አላውቅም። ቂሙን ጥዬ እመጣለሁ እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት ቤቴ ቀረሁ፤ አልጣል አለኝ። እንግዲህ ይዤው ልምጣና እዚያው ይቀበለኝ። ካልተቀበለኝም እዚያው ይንገረኝ።»

«ቄሱ ቢሰማ ይቆጣል።»

«ይቆጣ። ባለፉት ዓመታት ያልኩትን ውሸት ሁሉ ሲነግሩት አልተቆጣም።»

የሚከለክለኝ መሰለኝ፤ ሮማይዳ ልብሷን ከሳጥኑ ሳታወጣ አውቶቡስ ስትሳፈር ታየኝ። «ክፉ ሴት ነሽ» አለኝ መጨረሻ ላይ። «እናትሽም ክፉ ነበረች። እሷ ግን ቢያንስ አትዋሽም ነበር።» ብሎ ጻፈ። ጠማማ ፊደል ነው ያለው፤ ቆሜ እስኪጨርስ ጠበቅሁ።

እሑድ ጠዋት ሮማይዳ ነጩን ልብሷን ለበሰች። መንገድ ዳር ስንሄድ መኪና ጭቃ ይረጭባታል ብዬ ከጎኗ ሆኜ ከለልኳት፤ ጭቃው እኔን ነካኝ። ከሌሎቹ ልጆች ጋር ፊት ቆማ እምነቷን ስትመሰክር ድምፅዋ ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር። እኔ መብራቱ ይወድቅባታል ብዬ ጣሪያውን አያለሁ።

ከዚያ ስማችን ተነበበ። ባሌ ከቀኟ፣ እኔ ከግራዋ ሆነን ፊት ለፊት ባለው የእንጨት መከታ ሥር ተንበረከክን። ከእኔ ቀጥሎ አንድ ሰው ገፋ አድርጎኝ ገባ። ቀና ብዬ ማየት አላስፈለገኝም፤ እጇ ላይ ያለው እርድ አልለቀቀም።

«ጠጋ በይ፣ ኤዳ» አለች በሹክሹክታ። «መከታውን ለብቻሽ ያዝሽው።»

«ተጠግቻለሁ። አንቺ ነሽ የሰፋሽው።»

«እማዬ» አለች ሮማይዳ።

ቄሱ ከዳር ጀምሮ እየቀረበ ነበር። የለመድኳት ጸሎት ወደ አፌ መጣች፤ አትንካብኝ። መለስኳት። በምትኩ አሥራ አንድ ዓመት ያላልኩትን አልኩ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ፤ ልጄን ለምን ወሰድክብኝ? ስምንት ወር ተሸክሜው ነበር። አላለቀሰም። አንዴ እንኳ አላለቀሰም። አንተ የት ነበርክ? ማጉረምረም ከጀመረ አይቆምም፤ አንዱን ስናገር ሌላው ይመጣል። መሬቱ አልተሰነጠቀም። ሮማይዳ ከጎኔ ትተነፍሳለች፤ ትተነፍስ እንደሆነ በጆሮዬ አረጋገጥኩ። መልስም አልመጣም። ግን ሰው ሲያደምጥ ዝም የሚለው ዝምታ አለ፤ ማንም በሌለበት ቤት ካለው ዝምታ ይለያል። እኔ ሁለተኛውን ነበር የማውቀው።

ቄሱ ፊቴ ቆሞ ኅብስቱን ዘረጋልኝ። የተናገረውን ሳልሰማ ቀረሁ፤ ደገመልኝ። ተቀበልኩ። በላሁ። ደርቆ ስለነበር ለመዋጥ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ቀጥሎም ጽዋው መጣ።

ረድፉ ተነሣ። ባሌ ተነሣ፣ ሮማይዳ ተነሣች፣ ናይ ቶጋርም ትከሻዬን ተመርኩዛ ተነሣች፤ ክብደቷን ሁሉ ጣለችብኝ። እኔ ተንበርክኬ ቀረሁ። ሽማግሌ ቦናር ከኋላዬ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«ተነሺ እንጂ» አለኝ። «ሌላው ሰው ቆሞ ይጠብቃል።»

«ይጠብቅ፣ አማንግ» አልኩት። «እኔ ገና አልጨረስኩም።»